ዋሱም እሷ፣ መቀጮውም ከእሷ

«ሚስት ከከሰሰች ባል አለቀለት» የሚል ጽሑፍ በየገጹ ይዘዋወራል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን ጣቢያ ገብተው መዝገብ ቢያዩ ዝም ይሉ ነበር።

1. ሕግ አለ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፍኗል። ጠለፋ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል።

2. ጋብቻ ውስጥ ሲገባ ግን ሕጉ ይለሰልሳል። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ስለወሰነው ባል በዚህ አይጠየቅም። አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ቢጠቅስም የራሱ ቅጣት የለውም፤ ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራል።

3. ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፊቷ ያበጠ፣ አጥንቷ ግን ያልተሰበረ ሴት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በአንቀጽ 556 «ቀላል የአካል ጉዳት» ይባላል። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ፣ ያውም በግል አቤቱታ።

የሕክምና ማስረጃው እስኪመጣ ተጠርጣሪው በዋስ ይወጣል። የት ያድራል? እዚያው ቤት። ዐይኗ ሥር የበለዘው ሚስት ራሷ በማግስቱ መታወቂያዋን ይዛ «ልፈርምለት» ብላ ትመጣለች፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነዋ! መቀጮ ከተፈረደም ከወሩ አስቤዛ ይቀነሳል።

በመሃል ሽማግሌ ይላካል፤ «ለልጆችሽ ስትዪ» ትባላለች። አቤቱታዋን ስታነሳ መዝገቡ ይዘጋል። ከዚያ መዝገቡን የያዘው የፖሊስ መርማሪ «ሴቶቹ ራሳቸው ይተዉታል» ብሎ ያማርራል። ማን አስተዋት?

ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ስለሌለ «ከቤት ውጣ፣ አትቅረባት» የሚል ትእዛዝ በቀላሉ አታገኝም። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤት አንዱን ተጋቢ ሊያስወጣ ይችላል፤ የፍቺ ጥያቄ ከቀረበ። ዱላው እንዲቆም ብቻ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ትዳሯን ታፍርስ ማለት ነው።

አንድ ዘግናኝ ወንጀል በተሰማ ቁጥር «ቅጣት ይጨመር» ይባላል። ለዚህች ሴት 20 ዓመት ምን ይሠራል? ያንን ስታስብ ጭራሽ አትከስም። የሚያስፈልጋት የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያና የልጆቿ ቀለብ ነው። መጠለያዎቹን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሱት በእርዳታ የሚተዳደሩ ማኅበራት ናቸው። ኅዳር መጥቶ የነጭ ሪባን ቀን ሲደርስ ግን ለቲሸርትና ለአዳራሽ በጀት አይጠፋም።