የመስክ ጀብዱ ትምህርት፦ ተረትና እውነታ

በብሪታንያ ኮሌጆች የሚሰጠው የመስክ ጀብዱ ትምህርትና አሠልጣኝነት፣ ማለትም ተራራን፣ ወንዝን፣ ባሕርንና ዋሻን የመማሪያ ስፍራ አድርጎ ሰውን የማነጽ ሙያ፣ ከውጭ ለሚመለከተው ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ የጠላ ወጣት የሚንሸራሸርበት ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። ይህ ግምት የትምህርቱን ቦታ ከዓላማው ጋር ያምታታል። ተማሪው ገመድ ማሰርንና ካያክ የምትባለውን ጠባብ ጀልባ መቅዘፍን እየተለማመደ፣ የአየር ትንበያ ማንበብን፣ የቡድን ሥነ ልቦናን፣ እንዲሁም ማንኛውም ተሞክሮ በራሱ አስተማሪ አለመሆኑን ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳበትን አስተሳሰብ ያጠናል።

ትምህርቱ ለጡንቸኞች ብቻ የተፈጠረ ነው የሚለው ተረት ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ከናዚዎች ሸሽቶ ብሪታንያ የገባው ጀርመናዊው መምህር ኩርት ሃን እና የመርከብ ድርጅት ባለቤቱ ሎረንስ ሆልት እ.ኤ.አ. በ1941 በዌልስ፣ አበርዶቪ ላይ «አውትዋርድ ባውንድ» የተባለውን ተቋም ሲመሠርቱ፣ ሆልትን ያሳሰበው መርከባቸው በጠላት ስትሰጥም ጉልበት ያላቸው ወጣት መርከበኞች ከሸመገሉት ቀድመው ተስፋ ይቆርጣሉ የሚለው ነገር ነበር፤ ተቋሙ ሊሞላ የፈለገውም የጉልበት ሳይሆን የጽናትና የልምድ ጉድለትን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ጀብዱ ያለ አደጋ ጣዕም የለውም የሚለው እምነት ነው። በሙያው፣ ሰው የሚሰማው ስጋትና እውነተኛው ስጋት ይለያያሉ፤ ከላይ በታሰረ ገመድ ተይዞ ቋጥኝ የሚወጣ ጀማሪ በፍርሃት ቢንቀጠቀጥም ሊደርስበት የሚችለው ጉዳት አነስተኛ ሲሆን፣ ጸጥ ያለ ቀዝቃዛ ባሕር ላይ የሚቀዝፍ ሰው ግን ምንም ሳይሰጋ ለሞት ሊጋለጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1993 በደቡብ እንግሊዝ በላይም ቤይ ባሕረ ሰላጤ አራት ታዳጊ ተማሪዎች በካያክ ጉዞ ላይ ሞተዋል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ቋጥኝ መውጣትን፣ ዋሻ መጎብኘትን፣ የተራራ ጉዞንና የውኃ ላይ ስፖርትን በክፍያ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ፈቃድ እንዲያወጡ ተደነገገ። ስለዚህ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው አደጋን በመፈለግ ሳይሆን በመመዘንና፣ ሲያስፈልግም ቡድኑን ከመንገድ በመመለስ ነው፤ ይህም ለታዛቢ እምብዛም የማይማርክ፣ ለሙያው ግን ዋነኛ ችሎታ ነው።

ዲግሪ ያለው ሰው ወዲያውኑ ተራራ ላይ ቡድን ይመራል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። የብሪታንያ የበጋ ተራራ መሪነት ማረጋገጫ ራሱን የቻለ መንገድ ያለው ሲሆን፣ አመልካቹ ወደ ሥልጠናው ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 20፣ ለምዘና ከመቅረቡ በፊት ደግሞ ቢያንስ 40 መስፈርቱን የሚያሟሉ የተራራ ቀናትን መዝግቦ ማሳየት ይጠበቅበታል። ጎበዝ ተራራ ወጪ ሁሉ ጎበዝ አሠልጣኝ አይደለም፤ እንዲያውም ለራሱ ሁሉ ነገር የቀለለለት ሰው ጀማሪው የሚደናቀፍበትን ቦታ ለማየት ብዙ ሊቸገር ይችላል።

ሥራ አይገኝበትም የሚለው አባባል ግን ከእውነታው ብዙም አልራቀም፦ ሥራው በአብዛኛው ወቅትን የሚከተል በመሆኑ፣ ብዙ ተመራቂዎች በጋውን በአዳሪ የመስክ ማዕከላት ካሳለፉ በኋላ ወደ መምህርነት ወይም ወደ ወጣቶች ድጋፍ ሥራ ያዘነብላሉ።