ተማሪዋም መዛኝ የሆነችበት ማህደር

በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የሚገኘው አልቨርኖ የሴቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ውጤት መስጠትን ተወ። በምትኩ መምህራኑ የተማሪዋን ብርታትና ጉድለት በጽሑፍ ይነግሯት ጀመር፤ እሷም ሥራዋን ራሷ መመዘን ግዴታዋ ሆነ። በ1999 ደግሞ ይህ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ከቀደምቶቹ የኤሌክትሮኒክ ማህደረ ተግባራት አንዱ ይኸው ነው።

ማህደረ ተግባር ተማሪ ከሠራው መካከል መርጦ፣ ለምን እንደመረጠው ጽፎ የሚያኖረው ስብስብ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲሆን ረቂቁም፣ ድምፁም፣ ቪዲዮውም አብሮ ይቀመጣል። በአልቨርኖ አዲስ የገባች ተማሪ አጭር ንግግር ስታደርግ ትቀረጽ ነበር፤ ቆይታ ያንኑ ቅጂ ከኋለኛው ንግግሯ ጋር እያስተያየች ምን እንደተለወጠ ታይ ነበር። ይህን የትኛውም የፈተና ወረቀት ሊያሳያት አይችልም።

ሥራውን ማጠራቀም ቀላል ነው። የሚከብደው መለስ ብሎ መፈተሹ ነው። «ብዙ ተምሬበታለሁ፤ ወደፊትም እበረታለሁ» የሚል ተማሪ ምንም አልነገረንም። «መጀመሪያ መደምደሚያዬን ነበር ያስቀደምኩት፤ ጓደኛዬ ሐሳቡ የቱ ጋ እንደጠፋባት ስታሳየኝ ማስረጃውን ወደ ፊት አመጣሁት» የሚለው ግን ረቂቆቹን ከፍተን የምናረጋግጠው ነገር ሰጥቶናል።

ምዘናውም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን የጽሑፍና የሒሳብ ማህደሮች በመላ ግዛቱ ሲያሳርም፣ የራንድ ተቋም ተመራማሪዎች መዛኞቹ ለአንድ ሥራ የሚሰጡት ነጥብ እምብዛም እንደማይገናኝ አገኙ። ያኔ ማህደሩ ወረቀት ነበር፤ ኮምፒውተር ግን ይህን አለመግባባት በራሱ አይፈታም። መዛኞች ተቀምጠው ያንኑ ሥራ አብረው ማረምና በግልጽ መመዘኛ ላይ መስማማት አለባቸው።

በእኛም አገር የመምህራን አሠልጣኞች የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ሠልጣኙን ማህደረ ተግባር ያስዘጋጀዋል፤ ስለዚህ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የደብተር ገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቀን ጽፎ ማስቀመጥም ለመጀመር ይበቃል።

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሥራው ጥራትና የተማሪው ግለ ምዘና ለየብቻ ይታረሙ። ድክመቱን በሐቅ የጻፈ ልጅ በዚያው ነጥብ ከተቀነሰበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጽፈው መምህሩን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ነው።