√50 ስንት ነው? ስለ ዳግም ዘር የሚታመነውና እውነታው

ዳግም ዘርን ማቃለል ማለት ዋጋውን ሳይነኩ አጻጻፉን መለወጥ ነው። √50 የ25 እና የ2 ብዜት ዳግም ዘር ነው፤ 25 ሙሉ ካሬ ስለሆነ 5 ሆኖ ከ√ ምልክት ይወጣል፣ 2 ውስጥ ይቀራል። ውጤቱ 5√2 ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ያላለቀ ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ እውነተኛው መልስ ካልኩሌተር የሚያሳየው 7.07 ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ 7.07 በራሱ ሲባዛ 49.9849 እንጂ 50 አይሆንም።

እጅግ የተስፋፋው ስሕተት የማባዛትን ሕግ ለመደመር ማዋል ነው። ከዜሮ የማያንሱ ቁጥሮች ሲባዙ የየራሳቸውን ዳግም ዘር አውጥቶ ማባዛት ይቻላል፦ √(4 × 9) = 2 × 3 = 6። ሲደመሩ ግን ይህ አይሠራም። √(9 + 16) ማለት √25፣ ማለትም 5 ነው፤ 3 እና 4 ተደምረው ግን 7 ይሰጣሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ? 3 + 4 በራሱ ሲባዛ 9 እና 16 ብቻ አይወጡም፤ የ3 እና የ4 ብዜት እጥፍ፣ ማለትም 24 ይታከልና 49 ይሆናል። ከምልክቱ ሥር ያ 24 የለም። የሒሳብ ሊቁ ሬኔ ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ጂኦሜትሪ» ውስጥ ከምልክቱ ጋር አያይዞ የዘረጋው መስመርም ሥራው ይኸው ነው፦ ከሥሩ ያለው ሁሉ እንደ አንድ ቁጥር ይታያል።

በዚሁ ምክንያት √2 + √3፣ √5 አይደለም። ሆኖም «ከምልክቱ ሥር ያሉት ቁጥሮች ከተለያዩ መደመር አይቻልም» ማለትም ልክ አይደለም። √12 + √27 ሲቃለል 2√3 + 3√3 ይሆናል፤ ድምሩ 5√3 ነው። የማቃለል ትልቁ ጥቅም፣ እንዲህ የተሸሸገ ዝምድናን ማውጣቱ ነው።

√9 ደግሞ 3 ብቻ ነው፤ ምልክቱ ከዜሮ የማያንሰውን ዋጋ ብቻ ያመለክታል። ሁለት መልስ፣ 3 እና −3፣ ያለው ሀ² = 9 የሚለው እኩልታ ነው። √(ሀ²)ም ሁልጊዜ ሀ አይደለም፤ ሀ −5 ቢሆን ውጤቱ 5 ነው።

ከክፍልፋይ መስመር በታች ዳግም ዘር መተው ስሕተት ነው የሚባለውስ? 1/√2 እና √2/2 እኩል ናቸው። የልማዱ ምክንያት ሌላ ነበር፦ በእጅ ሲሰላ 1ን ለ1.41421 ማካፈል አድካሚ፣ 1.41421ን ለ2 ማካፈል ግን ቀላል ነው። ካልኩሌተር ባለበት ዘመን ይህ ምክንያት ደክሟል፤ መልሶችን ለማነጻጸር ግን ልማዱ አሁንም ይጠቅማል። ጥያቄው በግልጽ ካላዘዘ በቀር 1/√2 ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።