የእግር ወለምታስ በቅቤ ይታሻል?

መቼም የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኖ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም፡፡ ዲፓርትመንት ከገባንበት ቀን ጀምሮ መምህራኖቻችን ደጋግመው ነግረውናል፡፡ ከማይክራፎን ያመለጠ ቃል አይመለስም፣ ተጠንቀቁ ለማለት ነው፡፡ ምክሩን ተቀብለናል፡፡ እኔን ግን የተረቱ ሌላው ወገን ያሳስበኛል፡፡ የአፉ በቅቤ አይታሽም ሲባል የእግሩ ግን ይታሻል ማለት ነው፡፡ ለመሆኑ እውነት ነው? የእግር ወለምታ ታሽቶ ይድናል ወይ?

ጥያቄው ለጨዋታ የመጣ አይደለም፡፡ እኔ ያደግሁት መርሳ ነው፤ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የሐብሩ ወረዳ ከተማ፡፡ በእኛ ሰፈር ልጅ ድንጋያማ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም ቢለው፣ ገበሬ ከእርከን ሲወርድ እግሩ ቢጠመዘዝበት፣ እናት ውኃ ተሸክማ ቁልቁለት ላይ ብትወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው፡፡ ሐኪም ቤት ትዝ የሚለን ብዙ ጊዜ እግሩ ካበጠና ከጠቆረ በኋላ ነው፡፡ ታዲያ አንዳንዴ በዚህ መዘግየት የሚታጣው የሁለት ሳምንት ኳስ ሳይሆን እግር ነው፡፡

ወለምታ ምንድን ነው?

የአንድ ሰው አንድ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶችና 33 መጋጠሚያዎች አሉት፡፡ እነዚህን አጥንቶች እርስ በርስ አያይዘው የሚይዙት ጅማቶች ናቸው፡፡ ቁርጭምጭሚታችን ላይ በውጭም በውስጥም በኩል ጎላ ብለው የሚታዩት ሁለት እብጠቶች የሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ጫፎች ናቸው፡፡ እግራችን ወደ ውስጥ ሲታጠፍብን በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ከአቅማቸው በላይ ይለጠጣሉ፤ ወይም ይበጠሳሉ፡፡ ወለምታ የምንለው ይህን ነው፡፡ ስለዚህ ወለምታ ላይ የተጎዳው አጥንት ሳይሆን ጅማት ነው፡፡ አጥንት ከመጋጠሚያው ከወጣ ውልቃት፣ ከተሰበረ ደግሞ ስብራት ይባላል፡፡ ሦስቱ ሲያሙ ቢመሳሰሉም ሕክምናቸው አንድ አይደለም፡፡

ወለምታ ራሱ ሦስት ደረጃ አለው፡፡ አንደኛው ጅማቱ የተለጠጠበት፣ ሁለተኛው በከፊል የተበጠሰበት፣ ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ የተበጠሰበት ነው፡፡ የመጀመሪያው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሊሻል ይችላል፤ የመጨረሻው ግን ወራት ይፈልጋል፡፡

ይታሽ ወይስ አይታሽ?

ጅማት ሲበጠስ በውስጡ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይበጠሳሉ፡፡ እብጠቱና በልዙ የሚመጡት ከዚያ ነው፡፡ እንግዲህ ገና ደም እየፈሰሰ ያለውን ቦታ በቅቤም ሆነ በሌላ ቅባት አጥብቀን ብናሸው፣ በሙቅ ውኃ ብንዘፈዝፈው ወይም «ይፍታታ» ብለን ብንጠመዝዘው ምን ይሆናል? ደም መፍሰሱና እብጠቱ ይጨምራል፡፡ ስለዚህ ባለሙያዎች ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ማሸትና ማሞቅ አይገባም ይላሉ፡፡ ጥፋቱ የቅቤው አይደለም፤ የሚጎዳው መታሸቱ ነው፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ አራት ነገሮችን መከረ፤ እረፍት፣ በረዶ፣ በፋሻ መጠቅለልና እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፡፡ ይህ ምክር በመላው ዓለም የስፖርት ሜዳዎች ተሠራበት፡፡ የሚገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሚርኪን ራሱ በረዶና ሙሉ እረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጻፈ፡፡ ዛሬ የሚመከረው እንዲህ ነው፡፡ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልሎ ለሕመሙ ማስታገሻ ለአጭር ጊዜ መያዝ ይቻላል፡፡ በረዶ በእኛ ሰፈር የት አለ ካላችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅም ያገለግላል፡፡ እግሩን በሚለጠጥ ፋሻ፣ ሳያጠብቁ፣ መጠቅለል፤ ሲተኙ ትራስ ላይ ሰቀል ማድረግ፡፡ ከዚያ ግን ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አይደለም፡፡ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ከቀናት በኋላ ቁርጭምጭሚቱን ማንቀሳቀስና ቀስ በቀስ መርገጥ ያስፈልጋል፡፡ የሚለጠጥና የሚሠራ ጅማት የተሻለ ይጠግናልና፡፡

ብዙዎቻችን የምንረሳው ደግሞ የመጨረሻውን ነው፡፡ ቁርጭምጭሚት አንዴ ወለም ካለ ደጋግሞ ወለም ይላል፡፡ ምክንያቱ ጅማቱ መላላቱ ብቻ አይደለም፤ እግራችን ያለበትን አቋም ለአንጎል የሚነግሩት ነርቮችም አብረው ይጎዳሉ፡፡ መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ሕመሙ ካለፈ በኋላ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በአንድ እግር መቆም፣ ሲለምድ ዓይንን ጨፍኖ መቆም ነው፡፡ ጥርስ እየፋቁም ይቻላል!

አራት እርምጃ

ወለምታ ይሁን ስብራት በምን ይለያል? እዚህ ላይ ከካናዳ የመጣ ቀላል ዘዴ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 በኦታዋ የሚሠሩ ሐኪሞች ያወጡት መመዘኛ ነው፤ ዛሬ በብዙ ሀገር ይሠራበታል፡፡ ከሚከተሉት አንዱ ካለ ራጅ ያስፈልጋል፡፡

አንደኛ፣ ሰውየው እንደተጎዳና ሐኪም ጋ እንደደረሰ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፡፡ እያነከሰም ቢሆን ከተራመደ ራመደ ይባላል፡፡

ሁለተኛ፣ በውጭ ወይም በውስጥ በኩል ያለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ከጫፉ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ በኋላ ጠርዙ ሲነካ የሚያም ከሆነ፡፡

ሦስተኛ፣ በእግር ጠርዝ መካከል፣ በትንሿ ጣት ወገን ጎበጥ ያለችው አጥንት ወይም በውስጥ ወገን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለችው አጥንት ሲጫኗት የምታም ከሆነ፡፡

አንዳቸውም ከሌሉ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው፡፡ የራጅ ገንዘብ ለሌለው የገጠር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መቼ ወልድያ ድረስ መሄድ ግድ እንደሆነና መቼ እንዳልሆነ ይነግረዋልና፡፡

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ደረጃ ሲወርድ እግሩ ተጠመዘዘ፡፡ «ወለምታ ነው» ተባለና አንድ ሳምንት ታሸ፡፡ በየቀኑ ሲታሽ የሚጮኸው ትንሿ ጣት ወገን ሲነካ ነበር፡፡ በመጨረሻ ራጅ ሲነሣ ያችው አጥንት ተሰብራ ተገኘች፡፡ ጀሶ ታስሮለት ሁለት ወር ያህል በክራንች ተመላለሰ፡፡ ደግነቱ ጊዜው ዘገየበት እንጂ እግሩ ዳነ፡፡

ፋሻው ሲጠብቅ

ስለ ወጌሻ ስጽፍ ለመውቀስ ብቻ እንዳልተነሣሁ ይታወቅልኝ፡፡ ወጌሻ ቅርብ ነው፡፡ ሌሊትም ቢጠሩት ይመጣል፤ ገንዘቡ ሲገኝ ቢሰጡትም ይቀበላል፤ ቤተሰቡን ያውቃል፡፡ ሐኪም ቤት ከሄድኩ እቆረጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ደግሞ ወጌሻን ያምናል፡፡ ትልቁ ችግር የሚመጣው በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ላይ ነው፡፡

የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፡፡ እብጠቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ማሰሪያው ከያዘው ግፊቱ ወደ ውስጥ ይዞርና የደም ሥሮችን ይጨቁናል፡፡ ደም ያጣ ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል፡፡ ከዚያ ጋንግሪን ይከተላል፤ መፍትሔው ደግሞ መቁረጥ ይሆናል፡፡ ይቆርጠኛል ብሎ ከሐኪም የሸሸ ሰው መጨረሻው እዚያው ይደርሳል ማለት ነው፡፡

ምልክቶቹን ሁላችንም ልናውቃቸው ይገባል፡፡ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሳቸው ክፉኛ ካመመ፣ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት መፈታት አለበት፡፡ «ነገ ይታያል» አይባልም፡፡ ሌላም ዘዴ አለ፡፡ የእግር ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም፡፡ ይህ ለወጌሻ ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን ሐኪም ቤት ለታሰረ ጀሶም ይሠራል፡፡

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ፡፡ ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል፡፡ አንድ ቀን ብቻ! ወጌሻን ከመሳደብ ይልቅ አስተምሮ ማሠራት እንደሚሻል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሌሎች የእግር ችግሮች

የእግር ነገር ወለምታ ብቻ አይደለም፡፡ ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስትረግጡ ተረከዛችሁን እንደ ሚስማር የሚወጋ ሕመም ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከተረከዝ እስከ ጣቶች በውስጥ እግር የተዘረጋው ጠንካራ ጅማት መጎዳት ነው፡፡ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሰዎችን ያጠቃል፡፡ ባትንና ውስጥ እግርን በየቀኑ ማፍታታትና ስስ ሶል ያለውን ጫማ መተው ይረዳል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፡፡

ሲወለዱ እግራቸው ወደ ውስጥ የተቆለመመ ሕፃናትም አሉ፡፡ ይህ የቁጣ ምልክት ወይም እርግማን አይደለም፡፡ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባለ በስፔን ተወልዶ በአሜሪካ የሠራ ሐኪም ባወጣው ዘዴ፣ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ በጥቂት ሳምንታት ይቃናል፡፡ ከዚያ በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ እስከ አራት ዓመት ገደማ ልዩ ጫማ ያደርጋል፡፡ በሀገራችንም አዲስ አበባ ያለውን ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ጨምሮ በተለያዩ ሆስፒታሎች ይሰጣል፡፡ በቶሎ መጀመሩ ነው ቁም ነገሩ፡፡

ሦስተኛው ሰዎች ዝሆኔ ከሚሉት አንዱ ነው፡፡ በደጋና በወይና ደጋ ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን ያሳብጣል፡፡ በትንኝም ሆነ በንክኪ አይተላለፍም፡፡ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት አንዳንድ ሰው በዘር ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጠ ነው፡፡ በሀገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕመምተኞች እንዳሉ ይገመታል፡፡ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ማሸነፉ ዘላለም ያኮራናል፤ ቀይ አፈር ላይ የሚያርስ ገበሬ ግን ጫማ ያስፈልገዋል፡፡ ከታመመም እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በካልሲ ጫማ ማድረግ ሕመሙን በእጅጉ ይቀንሰዋል፡፡ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እብጠቱ ሳይሆን የሰው መሸሽ ነው፡፡ ያን የምናክመው እኛ ነን፡፡

እንግዲህ ምን እንያዝ?

ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየወረዳው ሬዲዮ ጣቢያ ስንቀመጥ የምናወራለት ሰው አብዛኛው በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው፡፡ በክረምት ዕረፍት ቤተሰብ ጋ ስንሄድም ሦስት ነገር ብንነግራቸው ይበቃል፡፡ አዲስ ወለምታ አይታሽም፡፡ አራት እርምጃ ያልተራመደ ሰው ራጅ ይነሣ፡፡ ጣቱ የደነዘዘ ወይም የቀዘቀዘ እግር ማሰሪያው ዛሬውኑ ይፈታ፡፡ ሰፈራችሁ ወጌሻ ካለ ደግሞ በአክብሮት ቀርባችሁ የጥፍሩን ዘዴ አሳዩት፤ እሱ ከእኛ ይልቅ ብዙ እግር ያያል፡፡