ፈርምዌርን ሳይፈሩ መሞከር

ባዮስ ስቀይር መብራት ጠፋና የወንድሜ ኮምፒውተር በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የምሞክረው ኪው-ኢሙ ላይ ነው፤ ይህ ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም ነው።

ፈርምዌሩ በ1999 እ.ኤ.አ. ሊነክስባዮስ ተብሎ የተጀመረው ኮርቡት ነው። መጀመሪያ የራሱን ኮምፓይለር እንሠራለን፤ ጊዜ ይወስዳልና ትዕግሥት ይኑራችሁ! ቀጥሎ ከምርጫዎቹ ማዘርቦርዱን ኪው-ኢሙ፣ ፔይሎዱን ሲባዮስ አድርገን ኮምፓይል እናደርጋለን። የሚወጣውን የሮም ፋይል ለኪው-ኢሙ በባዮስ ፋንታ እንሰጠዋለን።

ፕሮሰሰሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ከ4 ጊጋባይት ጫፍ 16 ባይት ዝቅ ብሎ ያለውን ትዕዛዝ ነው። ኮርቡት ከዚያ ተነስቶ መሣሪያዎቹን ያዘጋጅና ለሲባዮስ ያስረክባል፤ ሲባዮስ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከዲስክ ያስነሳል። ብንሳሳት የሚበላሸው ፋይል ብቻ ነው።

ግን እንዳትታለሉ፦ የኪው-ኢሙ ሜሞሪ ሳይዘጋጅም ይሠራል፣ የእውነተኛው ቦርድ ግን ፈርምዌሩ ካላዘጋጀው አይሠራም። እዚህ ሠራ ማለት እዚያም ይሠራል ማለት አይደለም።