ቫይረሱ ይዞት የሚመጣው መቀስ

በወላይታና በሲዳማ ስኳር ድንች የሚያለማ ገበሬ ዘር አይዘራም፤ ከቀድሞው ማሳ ሐረግ ቆርጦ ይተክላል እንጂ። ስለዚህም እናቲቱ ሐረግ ከታመመች ሕመሙ አብሮ ወደ አዲሱ ማሳ ይሻገራል። ከእነዚህ ሕመሞች አንዱን የሚያመጣው ፌዘሪ ሞትል የተባለው፥ በክሽክሽ አማካይነት የሚዛመተው ቫይረስ ነው። «የሚረጭ መድኃኒት የለውምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት የቫይረሱን አሠራር ጥቂት መመልከት ይገባናል።

ይህ ቫይረስ የሚይዘው ትእዛዝ ከ10,000 ጥቂት የሚበልጡ ፊደላት ያሉት አንድ የአር ኤን ኤ ክር ብቻ ነው። የራሱ ፕሮቲን መሥሪያ ስለሌለው በተክሉ ሕዋስ መሥሪያ ይገለገላል። ነገር ግን የተክል ሕዋስ ከአንድ የትእዛዝ ክር በአብዛኛው አንድ ፕሮቲን ብቻ ያወጣል፤ ቫይረሱ ደግሞ ዐሥር ያህል ያስፈልጉታል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ረጅም ሰንሰለት አያይዞ ያሠራቸዋል፤ ከ3,000 በላይ አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ነው። ቀጥሎ መቁረጥ ይመጣል። መቀሶቹም ከውጭ የሚገኙ ሳይሆኑ የዚያው ሰንሰለት ክፍል የሆኑ ሦስት ኢንዛይሞች ናቸው።

ፒ-1 የተባለው በሰንሰለቱ መነሻ ላይ ሆኖ ራሱን ብቻ ቆርጦ ይለያል። ጎረቤቱ ኤች ሲ-ፕሮም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከተለየ በኋላ ግን ቫይረሱ በክሽክሽ እንዲጓጓዝ የሚረዳ ሌላ አገልግሎት አለው። የቀረውን ሁሉ የሚቆርጠው ሦስተኛው፥ ኤን አይ ኤ-ፕሮ ነው። ይህ ኢንዛይም እንዳገኘ አይቆርጥም፤ የተወሰነ የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ለይቶ ያውቃል። አንዳንዱን ቦታ ፈጥኖ፥ ሌላውን ዘግይቶ ስለሚቆርጥ እያንዳንዱ ፕሮቲን በየጊዜው ለሥራ ይደርሳል። (የትምባሆ ቫይረስ የሆነው ዘመዱ መቀስ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች የፕሮቲን መቁረጫ መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል።)

መቀሱን ማደንዘዝ ይቻላልን? ኤች አይ ቪም የራሱን ሰንሰለት በራሱ ኢንዛይም ይቆርጣል፤ ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋሉ መድኃኒቶችም ይህንኑ ኢንዛይም ያግዳሉ። ሆኖም ሰው በየዕለቱ የሚውጠውን ክኒን ለማሳ ሙሉ ተክል ማዳረስ አይቻልም፤ በገበሬው እጅ የሚገባ እንዲህ ያለ መድኃኒትም የለም። በነጭ ዝንብ የሚዛመት ሌላ ቫይረስ ሲደረብበት ደግሞ ምርቱ እጅግ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ሐረጉ ሳይቆረጥ ነው፦ ቅጠሉ የተጨማደደውን ወይም የቀጨጨውን ተክል በጊዜ ነቅሎ ማስወገድ፥ በቲሹ ካልቸር ከጸዳ እናት ተክል የተባዛ ሐረግ ማግኘት፥ የሐረግ ማባዣውንም መደብ ከአሮጌው ማሳ ማራቅ።