የሮታ ቫይረስ ሦስት ድርብ ቅርፊትና የክትባቱ ዒላማ

ሕፃናትን ለከፍተኛ ተቅማጥና ትውከት ከሚዳርጉ ተሕዋስያን መካከል ሮታ ቫይረስ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። እ.ኤ.አ በ2000 ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 528 ሺህ ያህል ሕፃናት በዚህ ቫይረስ ሳቢያ ሕይወታቸውን እንዳጡ ይገመታል። እ.ኤ.አ በ2013 ቁጥሩ ወደ 215 ሺህ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ለቅናሹ አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል አንዱ በበርካታ አገሮች የተጀመረው ክትባት ነው። ቫይረሱ ከአካል ውጭ ይህን ያህል ጽናት እንዴት ሊኖረው እንደቻለና ክትባቱ የትኛውን የቫይረሱን ክፍል ዒላማ እንደሚያደርግ ለመረዳት የቅርፊቱን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል።

ቫይረሱ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ በ1973 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ነው። ሩት ቢሾፕና የሥራ ባልደረቦቻቸው ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት አንጀት የተወሰደ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ በብዛት የሠፈሩ ቫይረሶችን ተመለከቱ። ክብ ጠርዙና ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጉ የሚመስሉት መስመሮቹ የመንኰራኩር መልክ ስለሰጡት፣ በላቲን ቋንቋ መንኰራኩር የሚል ፍቺ ያለው “ሮታ” መጠሪያው እንዲሆን እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቶማስ ሄንሪ ፍሌዌት ሐሳብ አቀረቡ። ያን መልክ የሰጠው የፕሮቲን ቅርፊቱ መሆኑ በዝርዝር የታየው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ናሙናን በፍጥነት አቀዝቅዞ የሚመረምር የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ዘዴ ከዳበረ ወዲህ ነው።

የቫይረሱ ስፋት እሾሆቹን ጨምሮ 100 ናኖሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት አሥር ሺህ ቫይረሶች በአንድ መስመር ቢደረደሩ የሚሸፍኑት አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው። በውስጡ 11 ቁራጮች ያሉት ባለ ድርብ ሰንሰለት አርኤንኤ፣ ማለትም የዘር መልእክቱ ይገኛል። ይህን መልእክት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በላይ በላይ የተደራረቡ ሦስት የፕሮቲን ንብርብሮች ይሸፍኑታል።

የውስጠኛው ንብርብር ቪፒ2 የተሰኘ ፕሮቲን 120 ቅጂዎች የሚገጣጠሙበት ስስ ሽፋን ነው። መካከለኛው ቪፒ6 ከተባለው ፕሮቲን 780 ቅጂዎች የተሠራ ሲሆን፣ እነዚህም ሦስት ሦስት ሆነው በመጋመድ 260 ምሰሶዎችን ይፈጥራሉ። ከቫይረሱ ጠቅላላ ክብደት ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ይኸው ንብርብር ነው። የውጭው ንብርብር ደግሞ 780 የቪፒ7 ቅጂዎች አሉት፤ እነርሱም በተመሳሳይ ሁኔታ ሦስት ሦስት ሆነው በመካከለኛዎቹ ምሰሶዎች አናት ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ ላይ 60 እሾሆች ወደ ውጭ ተሰክተዋል። እያንዳንዱ እሾህ ከሦስት የቪፒ4 ቅጂዎች የተገመደ ነው። ከላይ ሲታይ ሁለት ራስ ያለው ስለሚመስል ተመራማሪዎች ለብዙ ጊዜ ከሁለት ቅጂዎች የተሠራ አድርገው ቆጥረውት ነበር፤ ሦስተኛው የታወቀው የእሾሁ ሥር በግልጽ ከታየ በኋላ ነው። በድምሩ 1 ሺህ 860 ቅጂዎች ቢኖሩም የፕሮቲኖቹ ዓይነት አራት ብቻ ነው። ጥቂት ዓይነት ጡብ ደጋግሞ በመጠቀም ሰፊ ቤት እንደሚሠራ ሁሉ፣ ቫይረሱም አነስተኛ የዘር መልእክት ይዞ ጠንካራ ቅርፊት ማነፅ የቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

ቅርፊቱ ድፍን ግድግዳ አይደለም። የውጭውንና የመካከለኛውን ንብርብር አቋርጠው የሚያልፉ 132 ቦዮች አሉት። ከነዚህ ውስጥ 12ቱ የሚገኙት በቅርፊቱ 12 ማዕዘናት ላይ ሲሆን፣ ጥቅማቸው የሚታወቀው ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ከገባ በኋላ ነው።

ወደ ሕፃኑ ትንሹ አንጀት የደረሰ ቫይረስ በቀላሉ ሕዋስን ለመውረር እሾሆቹ መቆረጥ አለባቸው። መቆረጡን የሚፈጽመው ደግሞ ምግብን ለመፍጨት በአንጀት ውስጥ የሚገኘው ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ነው። ሰውነት ለራሱ ጥቅም ያዘጋጀው ኢንዛይም በዚህ ረገድ ለወራሪው አገልጋይ ሆኖ ይገኛል። ከተቆረጠው እሾህ አንዱ ክፍል በአንጀቱ ሕዋስ ላይ ይጣበቃል፤ ሌላው ክፍል ደግሞ የሕዋሱን ገለፈት ለመብሳት ይጠቅማል።

የውጭው ንብርብር ቅጂዎች እርስ በርስ ተያይዘው የሚቆዩት በካልሲየም አማካይነት ነው። በአንጀት ውስጥ በቂ ካልሲየም በመኖሩ ቅርፊቱ ይጸናል። በሕዋስ ውስጥ ግን የካልሲየሙ መጠን እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ማያያዣው ይላላል፤ የቪፒ7 ቅጂዎችም ይበታተናሉ። ስለሆነም ቫይረሱ የውጭ ልብሱን የሚያወልቀው ሊያወልቀው በሚገባው ስፍራ ብቻ ነው።

ሁለቱ የቀሩት ንብርብሮች ግን ፈጽሞ አይከፈቱም። ብዙዎቹ ቫይረሶች የዘር መልእክታቸውን በሕዋሱ ውስጥ ሲለቁ፣ ሮታ ቫይረስ ግን መልእክቱን ከውስጥ ሆኖ በራሱ ኢንዛይሞች ይገለብጣል። ግልባጮቹም በማዕዘናቱ ላይ ባሉት ቦዮች ወደ ውጭ ይወጣሉ። ባለ ድርብ ሰንሰለት አርኤንኤ በሕዋስ ውስጥ ቢታይ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ወዲያውኑ የማንቂያ ምልክት ስለሚያሰማ፣ ዋናውን መዝገብ ሸሽጎ ግልባጩን ብቻ ማውጣቱ ቫይረሱን ከዚህ አደጋ ይጠብቀዋል።

የቅርፊቱ ጽናት ለሕዝብ ጤና ሥራም ቀጥተኛ ትርጉም አለው። እንደ ኮሮና ያሉ ቫይረሶች በቅባት ገለፈት የተሸፈኑ በመሆናቸው ሳሙና ያፈርሳቸዋል። ሮታ ቫይረስ ይህ ገለፈት የለውም። እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ የሚጠቅመው ቫይረሱን አጥቦ ስለሚያወርደው እንጂ ስለሚያፈርሰው አይደለም። ቫይረሱ በዕቃዎች ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ የታመመ ሕፃን አንድ ግራም ሰገራ ከ10 ቢሊዮን በላይ ቫይረሶች ሊይዝ ሲችል፣ በሽታውን ለማስያዝ ግን ከመቶ ያነሱ ሊበቁ ይችላሉ። የንጹሕ ውኃ አቅርቦትና የመጸዳጃ አገልግሎት በተሟላላቸው የበለጸጉ አገሮችም ጭምር፣ ክትባቱ ከመጀመሩ በፊት አምስት ዓመት ሳይሞላው በሮታ ቫይረስ ያልተያዘ ሕፃን ማግኘት አዳጋች የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ የነበረው በሞቱ እንጂ በመያዙ አልነበረም፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ በወቅቱ ያገኘ ሕፃን በአብዛኛው ይድናል።

የቫይረሱ ዝርያዎች የሚመደቡትም በውጭው ቅርፊት ነው። በቪፒ7 ልዩነት “ጂ”፣ በቪፒ4 ልዩነት ደግሞ “ፒ” የሚል ፊደልና ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በዓለም ላይ በስፋት ከሚታዩት አንዱ ጂ1ፒ8 ነው። ቫይረሱን ከሕዋስ በር ላይ የሚያስቀሩት አንቲቦዲዎች የሚያርፉት በእነዚሁ ሁለት ፕሮቲኖች ላይ ነው። በመካከለኛው ቪፒ6 ላይ የሚመረቱት አንቲቦዲዎች ቁጥራቸው ብዙ ቢሆንም፣ ፕሮቲኑ በውጭው ንብርብር የተሸፈነ በመሆኑ ቫይረሱን ከመግባት አያግዱትም። በአንጻሩ ይህ ፕሮቲን በብዛት ስለሚገኝና ከዝርያ ዝርያ ብዙም ስለማይለያይ ለላቦራቶሪ ምርመራ ተመራጭ ሆኗል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሮታ ቫይረስ ክትባት በሁሉም አገሮች እንዲሰጥ እ.ኤ.አ በ2009 ያሳሰበ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም ክትባቱን በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አካታለች። በወቅቱ ሥራ ላይ የዋለው ሮታሪክስ የተባለው፣ ከተዳከመ የጂ1ፒ8 ቫይረስ የተዘጋጀና በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት በአፍ የሚሰጥ ክትባት ነው።

እ.ኤ.አ በ2010 ይፋ በሆነ ጥናት ይኸው ክትባት ከባድ ተቅማጥን የመከላከል አቅሙ በደቡብ አፍሪካ 76 ነጥብ 9 በመቶ፣ በማላዊ ደግሞ 49 ነጥብ 4 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። በመቶኛ ብቻ ለሚመለከት ኃላፊ የማላዊው ውጤት ደካማ መስሎ ሊታየው ይችላል። ሆኖም በሽታው በማላዊ እጅግ የበዛ ስለነበር፣ ከተከተቡ 100 ሕፃናት መካከል በዓመት የተከለከለው ከባድ ሕመም በማላዊ 6 ነጥብ 7፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ 4 ነጥብ 2 ነበር። ዝቅተኛ መቶኛ የተመዘገበባት አገር የበለጠ ጥቅም አግኝታለች ማለት ነው።

የመከላከል አቅሙን ከፍ ለማድረግ የእሾሁን ጫፍ ብቻ ነጥሎ በመርፌ ለመስጠት ታስቦ በጋና፣ በማላዊና በዛምቢያ ሰፊ ሙከራ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ በ2022 የታየው ጊዜያዊ ውጤት ግን አዲሱ ክትባት በአፍ ከሚሰጠው እንደማይበልጥ ስላመለከተ ሙከራው እንዲቆም ተደርጓል። በመሆኑም በሥራ ላይ ያሉት ክትባቶች ሙሉ ቅርፊታቸውን የያዙ፣ ነገር ግን የተዳከሙ ሕያው ቫይረሶች ናቸው። በዚህም ምክንያት ሮታሪክስ ከፋብሪካ ወጥቶ ጤና ኬላ እስኪደርስ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ከዚህ በታች ወርዶ ወደ በረዶነት የተለወጠ ብልቃጥም ለሕፃን አይሰጥም።